በእናት በኩል

ሊያንድራ አታካይ ዩኒቨርሲቲ በገባች በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ በዚያን ቀን ከአፏ የወጡትን ቃላት ብታስባቸው ሁለት ብቻ ሆኑባት፤ «ይቅርታ» እና «አመሰግናለሁ»። አንዱን ያለችው ሰው ገፍታ፣ ሌላውን ያለችው በር ተከፍቶላት ነው።

ጥፋቱ የሷ ብቻ አልነበረም። ክፍል የምትጋራት ልጅ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳትፈታ፣ «እውነተኛ ቀይ ሕንዳዊ ነሽ? ፈረስ ትጋልቢያለሽ?» ብላ ጠይቃታለች። ሊያንድራ ፈረስ የምታውቀው በቴሌቪዥን ነው። ያደገችው በአሜሪካዋ ፊኒክስ ከተማ፣ ከአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ቤት ውስጥ፣ የማሽኖቹን ጉርምርምታ እንደ እሹሩሩ እየሰማች ነው። ስለዚህ «አልጋልብም» አለች፤ ልጅቷም የተታለለች ያህል ቅር አላት። በሌላ በኩል ደግሞ ከወገኖቿ ከናቫሆ ሕዝብ ምድር የመጡት ተማሪዎች በምግብ አዳራሹ የመስኮት ጥግ ተሰብስበው፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በገዛ ቋንቋቸው እያወሩ ይንከተከታሉ። ሊያንድራ ትሪዋን ይዛ ስታልፍ ቀና ብለው ያዩአታል። መልኳ የነሱ ነው፤ ቋንቋውን ግን አትሰማም። ይህ እንዳይታወቅባት ስልኳን እያየች እርምጃዋን ታፈጥናለች። ከሁለት ያጣች ጎመን ማለት እሷ ነበረች።

በዚያው ማክሰኞ እናቷ ኮሪን ጋ ደወለች።

«ልመለስ ነው» አለቻት።

«ወዴት?»

«ቤት ነዋ።»

«ቤት ምን አለሽ? እኔም ሥራ ነኝ፣ አያትሽም ተኝታ ነው የምትውለው።» ኮሪን ስትናገር የፋብሪካው ጩኸት ከኋላዋ ይሰማል። «እዚያ የተማሪዎች ቤት አለ ብለሽኝ አልነበር? አርብ አርብ ይበላል ያልሽው። ሂጂና ጎሳሽን ተናገሪ። ሰው የሚገኘው እንደዚያ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ስለተከዝሽ ማንም አይመጣልሽም።»

«ጎሳዬን አላውቀውማ።»

«እንዴት አታውቂውም? በይ ጻፊ። መጀመሪያ የእናትሽ፤ እሱ ራስሽ ነሽ። እኛ መራራ ውሃ ነን። እናቴ መራራ ውሃ፣ እኔ መራራ ውሃ፣ አንቺም መራራ ውሃ። ቀጥሎ የአባትሽ፤ ‹ለእሱ የተወለድኩ ነኝ› ነው የሚባለው። አባትሽ ጭቃ ነው። ለመሳደብ ብዬ አይደለም፤ የጎሳው ስም ነው። ከዚያ የሁለቱ ወንድ አያቶችሽ…»

ሊያንድራ አራቱንም በእስክሪቢቶ መዳፏ ላይ ጻፈቻቸው፤ አርብ እስኪደርስም ስታጠናቸው ሰነበተች።

የነባር ሕዝቦች ተማሪዎች ቤት ከግቢው ጫፍ፣ ጥድ ሥር ያለች አሮጌ የእንጨት ቤት ናት። ተማሪዎቹ «ቤት» ብቻ ነው የሚሏት፤ ሌላ ቤት የሌላቸው ይመስል። በዚያ አርብ ሃያ የሚሆኑ ልጆች የበግ ሥጋ ሾርባ በጎድጓዳ ሳህን ይዘው፣ በዘይት የተጠበሰ ዳቦ እየቆረሱ ተቀምጠዋል። አዲስ የመጣ ሁሉ ተራ በተራ እየተነሳ ይናገራል። የሊያንድራ ተራ ሲደርስ መዳፏን ብታይ ላቡ ቀለሙን አጥቦታል፤ ሰማያዊ ጭቅቅት ብቻ ቀርቷል። ቢሆንም የመጀመሪያው አልጠፋትም።

«ሊያንድራ አታካይ እባላለሁ። መራራ ውሃ ነኝ። ለጭቃ የተወለድኩ ነኝ…»

ሌሎቹን ሁለቱን ሳትጨርስ ከማድ ቤቱ በር ላይ፣ ጭልፋ የያዘች ወፍራም ሴት «ኧረ ቆዩ፤ ይቺ የኔ ልጅ ናት» አለች።

ቨርና ኤትሲቲ ትባላለች። በምግብ አዳራሹ ሾርባ መቅዳት ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ አርብ አርብ ደግሞ ማንም ሳያዛት እዚህ መጥታ ትቀቅላለች። ሊያንድራ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከጭልፋዋ ሾርባ ስትቀበል አንድ ቀን ቀና ብላ አይታት አታውቅም ነበር። አሁን ግን ሴትዮዋ ጭልፋውን እንደያዘች መጥታ እጇን በስሱ ነካ አደረገቻት፤ በዚያ አገር እጅ ሲነካኩ ነው እንጂ ሲጨባበጡ አይታይም።

«እኔም መራራ ውሃ ነኝ» አለች ቨርና። «እህትሽም ልሆን እችል ነበር፤ ግን ዕድሜዬ አይፈቅድም። እናትሽ ነኝ። በቃ።»

ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠ ቁመቱ ጣሪያ የሚነካ ልጅ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ቴሪል ይባላል፤ የሦስተኛ ዓመት የግንባታ ምህንድስና ተማሪ ነው።

«አባቴ መራራ ውሃ ነው» አለ በተሰበረ ድምፅ። «ሌላ አክስት መጣብኝ ማለት ነው። ያሉኝ አሥራ አንዱ መቼ አነሱኝ።» ከዚያ ተነሳና ወገቡን ሰበር አድርጎ፣ «አክስቴ፣ ወንበር ላምጣልዎ?» አላት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሊያንድራ እየተቀለደባት ይሁን እየተከበረች መለየት አቃታት። ገና የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ እሱ ጺም አለው።

ቨርና ገባትና «የአባት ጎሳ ሴት ሁሉ አክስት ናት» አለች። «ጡት ያልጣለች ብትሆን እንኳ አክስት ናት። ይታዘዝሻል። እምቢ ካለ ንገሪኝ።»

ሰው በአንድ ምሽት ዘመድ ያገኛል ቢሏት ኖሮ አታምንም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ወራቱ እንዴት እንደሄዱ አታውቀውም። ትሪዋን ይዛ በመስኮቱ ጥግ ስታልፍ ቴሪል ከሩቅ «አክስቴ ደረሱ፤ ቦታ ልቀቁ» ይላል። የሷ ሾርባ ላይ ሥጋው ይበረክታል፤ ሌሎቹ ሲያጉረመርሙ ቨርና «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» እንደማለት በከንፈሯ ወደ ሊያንድራ ጠቁማ ዝም ታሰኛቸዋለች። ኅዳር ላይ ቨርና በፒካፕ መኪናዋ ጭና ወደ እናቷ መንደር ወሰደቻት። በግ ሲታረድ ሊያንድራ አንጀት አጥባ አስታወከች፤ ሁሉም ስቀው አለፏት፤ የካቲት ላይ ግን በሁለተኛው በግ ሳታስታውክ ጨረሰች። ኦርላንዶ የሚባለው የቨርና እህት ልጅ በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ ቢያያት ቨርና ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ፣ «እህትህ ናት። ሂድና በጎቹን እይ» አለችው። ኦርላንዶ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ሊያንድራ ወንድ ልጅ ሲከለክሉኝ እንዲህ ደስ ይለኛል ብላ አስባ አታውቅም።

ያቺ ቤት አንድ ልማድ አላት። ግንቦት ላይ፣ የመጀመሪያ ዓመታቸውን የጨረሱ ልጆች አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፀጉራቸውን ፈትተው ይመጣሉ፤ ሴትም ወንድም። ጎሳቸውን ቆመው ይናገራሉ፤ ከዚያ በእናት በኩል የሆነች ሴት ከሣር በተሠራ ማበጠሪያ አበጥራ፣ ከኋላ አጣጥፋ፣ በነጭ የበግ ፀጉር ክር ታስርላቸዋለች። ሌላ ሰው አይነካውም። ፀጉር ሐሳብ ነው ይላሉ፤ የማንም እጅ አይገባበትም። ቨርና ለሊያንድራ የሚሆነውን ክር የበረዶውን ወራት በሙሉ፣ ቴሌቪዥን እያየች በእጇ ስትፈትል ከረመች። ኮሪን ከፋብሪካው ፈቃድ ስላላገኘች አያትየው ራሞና በአውቶቡስ እንዲመጡ ተወሰነ።

ራሞና ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ራሳቸውን ሁልጊዜ በሻሽ የሚያስሩ የሰባ ዓመት ሴት ናቸው። አርብ ቀትር ላይ ደረሱ። ሊያንድራ ቦርሳቸውን እንኳ ሳታስቀምጥላቸው በቀጥታ ወደ ምግብ አዳራሹ ማድ ቤት ጎትታ ወሰደቻቸው። አዲሷን እናቷን ከእናቷ እናት ጋር ልታስተዋውቅ ነው እኮ።

ቨርና እጇን በሽርጧ አበሰችና ነካ አደረገቻቸው። «እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ። መራራ ውሃ ከየትኞቹ?»

«ከዲልኮን በኩል» አሉ ራሞና።

«ምነው፣ የኔም እናት ዲልኮን ነው ያደገችው! እናትዎ ማን ይባሉ ነበር?»

«ቤሲ።»

«የትኛዋ ቤሲ? ሆስፒታል ልብስ ታጥብ የነበረችው? ያቺ እንኳ ልጅ…» ቨርና ጭልፋዋን እንደያዘች አረፍተ ነገሩ መሀል ቆመች። ሾርባው ከጭልፋው እየተንጠባጠበ ወደ ድስቱ ተመለሰ።

«ውሃ ጠማኝ» አሉ ራሞና። «ሊያንድራ፣ ከዚህ አውጪኝ።»

ውጪ ጥዱ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ራሞና ውሃውን አልጠጡትም፤ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀሩ።

«እማማ፣ ምን ሆኑ?»

«ቤሲ ልጅ አልወለደችም» አሉ። «የሳንባ ሕሙማን የሚተኙበት ሆስፒታል ነበር የምታጥበው። እናቴ እዚያ ሞተች። እኔ ያኔ አራት ዓመት ይሆነኝ ነበር መሰለኝ። ሰው ይመጣል ተብሎ ተጠበቀ፤ ማንም አልመጣም። ቤሲ ሥራዋን ስትጨርስ በአንድ እጇ የልብስ ጥቅሏን፣ በሌላው እኔን ይዛ ወጣች።»

«እና እናትዎ… መራራ ውሃ አልነበሩም?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ነበሩ?»

«አላውቅም አልኩሽ። ሌሊት ሌሊት ትዘፍንልኝ ነበር። ቤሲ ናቫሆኛ ካስተማረችኝ በኋላ የዘፈኑን ቃል ልፈልገው ብል አንዱም አልገጠመልኝ።»

ሊያንድራ ወደ አያቷ ዞረች። «ናቫሆስ ነበሩ?»

«ወረቀቱ ላይ ናቫሆ ይላል። የጻፈችው ነርሷ ነች። ነርሷ ማንን ጠይቃ እንደጻፈች ግን እንጃ። ምናልባት እናቴን ጠይቃ ይሆናል፤ ምናልባት ሁሉንም እንደዚያ ነበር የምትጽፈው።» ራሞና ኩባያውን አዙረው አዙረው አዩት። «ትምህርት ቤት ልገባ ስል ቤሲን ጎሳዬ ምንድነው አልኳት። ‹የኔን በይ› አለችኝ። አልኩ። ይኸው ስለው ስለው ስድሳ አራት ዓመት ሆነኝ።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«እናትሽ ጠይቃኝ አታውቅም፤ መራራ ውሃ ነሽ እያልኳት አደገች። አንቺ ደግሞ የጠየቅሽው እናትሽን ነው።»

ሊያንድራ ልትቆጣ ፈለገች፤ የአራት ዓመት ሕፃን መቆጣት ግን አልሆነላትም። ልታለቅስ ፈለገች፤ ለማን እንደምታለቅስ አጣችው። ቨርና እናቷ ካልሆነች ማን ናት? ሾርባ የምትቀዳ ሴትዮ? ኦርላንዶ ወንድሟ አይደለም። ወይም ሊሆን ይችላል፤ ያቺ የማይታወቅ ቅድመ አያት መራራ ውሃ አለመሆኗንስ ማን አየ? ትሁን አትሁን ማንም አያውቅም። በአእምሮዋ አንዱን ጫፍ ስትይዝ ሌላው ያመልጣታል፤ ውሉ እንደጠፋ ልቃቂት ሆነባት። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ ነበር፤ ነገ በሦስት ሰዓት፣ በሰው ሁሉ ፊት ቆማ፣ «እኔ እንዲህ ነኝ» ማለት አለባት።

ራሞና ሐሳቧን ያነበቡት ይመስል «ዝም ብለሽ በይው» አሉ። «እኔም ብዬ ኖሬአለሁ። ማን ተጎዳ?»

ወደ ማታ ላይ ተማሪዎቹ ቤት ውስጥ ቴሪልን ለነገው ወንበር እየደረደረ አገኘችው። «አክስቴ፣ መጡልን?» አላት። «አርባ ወንበር ይበቃል ወይስ መራራ ውሃ በሙሉ ይመጣል?» ሊያንድራ አላስቻላትም፤ የሰማችውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረችው።

ቴሪል የያዘውን ወንበር ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ዘጋው።

«ታዲያ ምን ልበልሽ?» አለ።

«እንደ ድሮው ነዋ።»

«እንዴት አድርጌ? አክስት ቀልድ ብቻ መሰለሽ? የአባቴ እህት ማለት ነው እኮ። አባቴ ጋ ደውዬ ‹አክስቴ አይደለችም፤ ግን አክስቴ እላታለሁ› ብለው ታመመ ብሎ ሐኪም ይጠራብኛል።» ራሱን አከከ። «እህቴ ልበልሽ? እሱም አይታወቅም። ምንም አይታወቅም እኮ።»

«አዎ፤ ምንም አይታወቅም።»

ልጁ ክፉ አልነበረም፤ የሚይዘውና የሚጨብጠው ነው ያጣው። በመጨረሻ ወደ ግድግዳው በከንፈሩ ጠቆመና፣ «በይ እሺ… ሊያንድራ። ያንን ወንበር አቀብይኝ» አላት።

ስምንት ወር ሙሉ ስሟን ጠርቶት አያውቅም ነበር። ወንበሩን አቀበለችውና ወጣች፤ ያለቀሰችው ከጥዶቹ ኋላ ሄዳ ነው። ሰው በገዛ ስሙ ሲጠራ እንደዚያ ያማል ብሎ ማን ይገምታል?

ቅዳሜ በማለዳ ቨርና የቤቱ ማድ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ሊያንድራ እስከ በሩ ድረስ አልወሰነችም። ዝም ልበል ብላ ነበር፤ ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም፤ ቨርና ትናንት የጠረጠረችውን እንኳ ብትጠረጥር ፊት ለፊት አታነሳውም። ጠረጴዛው ላይ ግን የሣር ማበጠሪያውና ነጩ ክር በንጹሕ ፎጣ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። እነሱን ስታይ አንደበቷ ተፈታ።

«እማ፣ መራራ ውሃ አይደለሁም።»

ቨርና መክተፏን አላቆመችም። ሊያንድራ ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ ሆስፒታሉም፣ ስለ ዘፈኑም። ሽንኩርቱ አለቀና ቢላዋው ባዶ እንጨት መታ።

«ቤሲ መካን ነበረች» አለች ቨርና። «ትናንት እንዳሉኝ ነው የታወሰኝ። እናቴ ታነሳት ነበር፤ አንዲት ልጅ ከሆስፒታል አምጥታ አሳደገች ሲባል ሰምቻለሁ።» ከዚያ በድንገት ግንባሯ ተቋጠረ። «እኔ ግን ምን አደረግሁ? ለወንድሞቼ በሙሉ ልጅ አገኘሁ ብዬ አውርቻለሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ። ኦርላንዶን በጎቹን እይ ብዬ ያባረርኩት…»

«እኔ ኦርላንዶን አልፈልገውም።»

«ነገሩ መቼ እሱ ሆነና! አሁን የምታገኚው ወንድ ልጅ ሁሉ ወንድምሽ ሊሆን ይችላል። ሁሉም! አይገባሽም? ማንን ትጠይቂያለሽ? በማን ትመዝኛለሽ?»

ይህንን ሊያንድራ አላሰበችውም ነበር። መጀመሪያ ሳቅ መጣባት፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። ቨርና ሽርጧን አንስታ ልታብስላት እጇን ዘረጋችና መንገድ ላይ አቆመችው። ከዚያ እንደ ምንም አበሰችላት።

«ፀጉሬንስ ታስሪልኛለሽ?» አለች ሊያንድራ።

ቨርና መልስ ሳትሰጥ ስልኳን ይዛ ወጣች። በመስኮቱ ስትታይ አንዴ ትቆማለች፣ አንዴ ትንጎራደዳለች፤ አንዴም ከማይታይ ሰው ጋር እጇን እያወናጨፈች ትከራከራለች። ስትመለስ ከወጣችበት የባሰ ግራ ተጋብታ ነበር።

«እናቴ ‹እሰሪላት› አለች። ‹ቤሲ ካሳደገቻቸው የኛ ናቸው፤ ግልገሉን ያጠባችው ናት እናቱ› አለችኝ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ‹እንዳትነኪ› አለኝ። ‹ያቺ የሞተችው ሴት ዘመድ አላት። የሆነ ቦታ እህት፣ የእህት ልጅ አላት፤ ጠፍታባቸው የሚፈልጓት ይኖራሉ። የሌላ ሰው ልጅ ፀጉር በኛ ክር ብታስሪ መስረቅ ነው› አለኝ።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ምኑ ነው የሚያናድደው? ሁለቱም ልክ ናቸው። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። እወድሻለሁ። ይሄ ትናንትም ዛሬም ያው ነው። እጄን ግን… አላውቅም፣ ልጄ። እጄን አላውቅም።»

በሦስት ሰዓት ቤቱ ሞላ። አርባው ወንበር አልበቃም። ሰባት ልጆች ፀጉራቸውን ለቀው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ስድስቱ አንድ በአንድ ተነስተው ጎሳቸውን ተናገሩ፣ እናቶቻቸውና አክስቶቻቸው መጥተው አሰሩላቸው። ከተቀመጠው ሰው መሀል «የኔ ነህ»፣ «አንቺ እኮ የልጅ ልጄ ነሽ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሊያንድራ ሰባተኛዋ ናት። ራሞና ከፊት ወንበር ላይ ሻሻቸውን አጥብቀው ተቀምጠዋል። ቨርና ማበጠሪያውንና ክሩን ይዛ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

ሊያንድራ ተነሳች። ሁለት ቃል ነው። መራራ ውሃ። መስከረም ላይ ስትለው ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋላት፤ አሁንም ብትለው ማንም አይከለክላትም፤ ከሰዓት በኋላ ቴሪል እንደገና አክስቴ ይላት ይሆናል። አያቷ በዓይናቸው «በይው» ይሏታል።

«ሊያንድራ አታካይ እባላለሁ» አለች። «በእናቴ በኩል…»

መዳፏን አየችው፤ ምንም አልተጻፈበትም።

«በእናቴ በኩል አላውቀውም። መስከረም ላይ መራራ ውሃ ነኝ ብያችሁ ነበር። ስላችሁ አልዋሸሁም፤ እውነቱ ግን እሱ አልነበረም። አያቴን ያሳደገቻት መራራ ውሃ ናት። የወለደቻት ምን እንደሆነች የሚያውቅ የለም። ለጭቃ የተወለድኩ ነኝ። ይሄኛው እውነት ነው።»

ከወደ ኋላ አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ብድግ አሉ። «ጭቃ እዚህ አለ» አሉ። «አባትሽ ነኝ ማለት ነው። ብቻ መኪናዬን እንዳትጠይቂኝ።» ሰው ሳቀ፤ ሊያንድራም ሳቀች።

ሳቁ ሲያልቅ ፀጉሯን እንደለቀቀች ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከኋላዋ ማንም አልመጣም። ሰው ሁሉ ወደ ቨርና አየ፤ ቨርና ከግድግዳው አልተነቃነቀችም። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ እጇ ክሩን ጨብጦ ነጭ ሆኗል። አንድ ሕፃን ተነጫነጨ፤ ወንበር ተንቋቋ። ሊያንድራ ፀጉሯ በፊቷ ላይ እንደወረደ፣ ተነስታ ልሂድ ወይስ ልቀመጥ እያለች የወለሉን ጣውላ ታያለች።

ያን ጊዜ ራሞና ተነሱ።

«በእናቷ በኩልስ እኔ አለሁ አይደል?» አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ። ወደ ቨርና ሄደው እጃቸውን ዘረጉ፤ ቨርና ማበጠሪያውንና ክሩን ሰጠቻቸው።

ይህ እንኳ ማንም ያላሰበው ነበር፤ ሰው ግራ ሲጋባ ዓይኑ ሥር ያለውን አያይም። ችግሩ ግን ራሞና ማሰር አያውቁም። ትምህርት ቤት ፀጉራቸውን በመቀስ ነበር የሚከረክሟቸው፤ ከዚያ በኋላ ሻሽ ነው። ማበጠሪያውን በየትኛው ጫፍ እንደሚይዙት እንኳ ጠፋባቸው። ቨርና ተከትላቸው መጣችና ከጎናቸው ቆመች፤ ፀጉሩን እንዳትነካ ሁለት እጇን ከኋላዋ አቆላልፋ።

«ወደ ታች ያበጥሩት… እ… እትዬ» አለች። «አሁን ይጠፉት። ወደ ውስጥ። አንዴ ደግመው ይጠፉት። መሀሉን በክሩ ያዙሩት። ጠበቅ ያድርጉት፤ አይፍሩ፣ ፀጉር ነው፣ አይሞትም።»

ራሞና ሦስት ጊዜ ፈቱት፣ ሦስት ጊዜ አሰሩት። በአራተኛው ቆመላቸው። ከሰው መሀል ቴሪል ራሱን ዘንበል አድርጎ አየና «ግንባታው ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ግን አይፈርስም» አለ። ማንን እያናገረ እንደሆነ ስም አልጠራም፤ የሚጠራውን ገና አላገኘም። ሊያንድራ እጇን ወደ ኋላ ልካ ቋጠሮውን ነካችው። ጠማማ ነው፤ ይጎትታል፤ ያሳክካል።

ሰው ሊነሳ ሲንቀሳቀስ ራሞና ወደ ወንበራቸው አልተመለሱም። ሻሻቸውን ፈቱት። ከሥሩ ነጭ፣ ስስ፣ እስከ ትከሻ የሚደርስ ፀጉር ወረደ፤ ሊያንድራ እንኳ በዕድሜዋ ሁለት ጊዜ ብቻ ያየችው ነው። ወደ ልጅቷ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሊነሳ የነበረው ሰው ባለበት ስለቆመ ግን ሁሉም ሰማ።

«እኔ ከበላዬ ማንም የለኝም» አሉ። «ከበታቼ ግን አንቺ አለሽኝ። እስቲ ያቺን ሴትዮ ጠይቂልኝ፤ ከታች ወደ ላይም ይታሰራል ወይ?»

ሊያንድራ ወደ ቨርና ዞረች። ቨርና ሽማግሌዎቹን አየች፤ ሽማግሌዎቹ ወለሉን አዩ።

«አላውቅም» አለች ቨርና። «ሲደረግ አይቼ አላውቅም።» ከዚያ ከተረፈው ነጭ ክር አንድ ክንድ ያህል በጥርሷ በጥሳ ለሊያንድራ አቀበለቻት።